ፈትሉስ የማን ነው?

በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ልብስ በብዙ ስፍራ ይነሣል። ንጉሡ ለጀግናው ለምድ አለበሱት፤ መኳንንቱ በካባና በጃኖ አጊጠው ተሰለፉ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የሐር መጋረጃ ተሰጠ እየተባለ እናነባለን። ሰጪውም ተቀባዩም በስም ይጠራሉ። ክሩን የፈተለችው ሴት ግን ከስንት አንድ ጊዜ ብትነሣ ነው፤ ያን ጊዜም ስሟ አይጻፍም። እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ይህን ጉድለት ያስተዋልነው በምርምር አይደለም፤ አፍረን ነው እንጂ። ያፈርንበትንም ምክንያት ለአንባቢዎቻችን ሳንሸሽግ እንገልጻለን።

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ ለክበባችን የተሰጠው ሥራ በጉደርና በዙሪያዋ ካሉ ቤቶች የቆዩ ዕቃዎች ሰብስቦ በአንድ ክፍል ውስጥ ማሳየት ነበር። ጉደርን ብዙ ሰው የሚያውቃት በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ በተጻፈው ስሟ ነው። ከተማይቱ ግን ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው በጉደር ወንዝ አጠገብ፣ ወደ ነቀምት በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። እኛም ከየቤቱ ጦርና ጋሻ፣ የፈረስ ዕቃና የአርበኛ ሜዳይ ይመጣልናል ብለን ጠበቅን። የመጣው ግን አብዛኛው ጨርቅ ሆነ፤ ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ቀሚስ፣ መቀነት፣ የትራስ ልብስ፣ ዳንቴል። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎን ነበር። ቢሆንም የመጣውን አንመልስም ብለን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፤ ለእያንዳንዱም የወረቀት ካርድ አዘጋጅተን የዕቃውን ዓይነት፣ የባለቤቱን ስም፣ የሸማኔውን ስምና ዘመኑን ጻፍን።

በበዓሉ ዋዜማ አንዲት አሮጊት እናት የልጃቸውን ልጅ ተከትለው ወደ ክፍሉ ገቡ። ከአንድ ጋቢ ፊት ቆመው ጫፉን በሁለት ጣታቸው ዳበሱና፦

«ልጆቼ፣ ይህ ወረቀት ምን ይላል?» አሉን።

ከፍ ባለ ድምፅ አነበብንላቸው። የባለቤቱ ስም ሟቹ ባላቸው ነበሩ። የሸማኔውንም ስም አነበብን።

«መልካም። ፈትሉስ የማን ነው ይላል?»

«እማማ፣ የሸማኔው ስም ተጽፏል እኮ» አልናቸው።

«ሸማኔው ክሩን ከቤቱ አመጣው እንዴ? ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሁለት ክረምት ፈትዬዋለሁ፤ ሁለተኛውን ክረምት የዚህን ልጅ እናት በጀርባዬ አዝዬ።» ይህን ብለው ሳቁ። አልተቈጡንም። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከጥጡ ጀምረን መመርመር ግድ ሆነብን። ጥጥ የቆላ ተክል ስለ ሆነ የደጋና የወይና ደጋ ሴት ከገበያ ገዝታ ታመጣዋለች። ቤት ከገባ በኋላ ፍሬው ከጥጡ ይለያል፤ ይህም ወይ በጣት ይፈለቀቃል፣ ወይም በድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት መዳመጫ ይዳመጣል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ እንደ ጉም ሲነፋ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው በእጅ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል። እንዝርት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈታይቱ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቅቀዋለች፤ በሌላው እጇ አመልማሎውን ከፍ አድርጋ እየሳበች ታቀጥነዋለች። ክሩ በጣም ከከረረ ይበጠሳል፤ ከላላም ይቦጫጨቃል። ለድር የሚሆነው ጠንከር ብሎ የከረረ፣ ለማግ የሚሆነው ለስለስ ያለ መሆን ስላለበት አንዲቱ እጅ ሁለቱንም ማወቅ አለባት። ነጠላ ስሙ እንደሚነግረን አንድ ሽፋን ነው፤ ኩታ ሁለት ነው፤ ጋቢ ግን አራት ነው። አንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት ክር እንደሚበላ እንግዲህ አንባቢ ራሱ ይገምት። ሸማኔው በቀናት የሚጨርሰውን ሥራ ፈታይቱ በወራት ታደርሰዋለች። ይህም ሌላ ሥራ ሳይኖራት አይደለም፤ ሊጡ እስኪቦካ፣ ወጡ እስኪበስል፣ ሕፃኑ እስኪተኛ፣ ማታም በኩራዝ ብርሃን ነው።

ቀድሞ ይህ ሥራ የድሀ ሴት ብቻ አልነበረም። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር መንገደኞች ከእመቤት ጀምሮ እስከ ገረድ ድረስ ሴቱ ሁሉ ይፈትል እንደ ነበር ጽፈዋል። ሽመናው በደጋው አገር ሁሉ የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በሸማኔውም ላይ ክብር አልተረፈውም፤ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ተሰድቧል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን የሚሰድብ ሁሉ እንዲታረም አዋጅ ያስነገሩት ስለዚህ ነው። ፈታይቱን ግን የሚሰድባት አልነበረም። ሥራዋ እንደ ሥራ ስላልተቈጠረ የስድብ ስም እንኳ አልወጣላትም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም በንግግር ውድድር ላይ ደጋግመን ብለነዋል፤ ድሩን ማን እንደ ፈተለው የጠየቀ ተወዳዳሪ ግን አላጋጠመንም።

ሴቶች ደግሞ ልብሱን ፈትለው ለሌላ ሰጥተው ብቻ አልቀሩም። በሚለብሱትም ብዙ ነገር ይናገሩበታል። ይህን ያልተጻፈ ሰዋስው እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናየው ኖረን ልብ ሳንለው ቀርተናል። አንዲት ሴት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ስትወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዷ ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ከታየች ግን ሐዘን አለባት፤ መንገደኛው ባያውቃትም እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ከዚያ የከፋ ሐዘን የደረሰባት ከል ትለብሳለች። ባሏ የሞተባት ሴት በሰው ፊት ቆማ ንግግር ባታደርግ፣ የኀዘኗን ልክና ዘመን ጥለቷና ከሏ ይናገሩላታል፤ ከሏን የምታወልቅበትም ቀን እንዲሁ የሚታወቅ ነው።

መቀነትን ለብቻው ማንሣት ይገባናል። ወንድ ታጥቆት የሚዋጋበት መታጠቂያ በግጥም ተወድሷል። የሴቲቱ መቀነት ግን ከወለደች በኋላ ወገቧን የምታስርበት፣ ውኃና እንጨት ስትሸከም የምትጠነክርበት፣ በለቅሶም ቀን የምታጠብቀው ነው። ገንዘብ ቤቷም እርሱ ነው። ከሸጠችው ልቃቂት፣ ከቅቤው፣ ከእንቁላሉ ያገኘችውን በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች። በክበባችን ውስጥ ካለነው መካከል የመጀመሪያ ደብተራችን ከዚያ ቋጠሮ ተፈትቶ ያልተገዛልን ጥቂቶች ብቻ ሆነን ተገኝተናል፤ እጅ አውጥተን ቈጥረነዋል።

በዚህ በምዕራብ ሸዋ አገር ያሉ የኦሮሞ እናቶች ከጥጡ ሌላ የራሳቸው የጌጥ ሥራ አላቸው። ጨሌውን በቀለም መርጠው በክር ይደረድራሉ፤ የወተቱን ዕቃ ጪጮን ሠርተው በዛጎል ያስጌጡታል። ሙሽራይቱም ከእናቷ ቤት ስትወጣ ሲንቄ ትቀበላለች። ሲንቄ በትር እንጂ ጨርቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚሁ ከሴቶች ጓዝ የሚቈጠር ስለ ሆነ ልንዘለው አልወደድንም። ሴቶች ተበድለናል ብለው ሲንቄያቸውን ይዘው አንድ ላይ ሲወጡ በዳዩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በጠበኞች መካከል ሲቆሙም ጠቡ ይበርዳል። ከመጡልን ጪጮዎች አንዱ ዛጎሉ ከግማሹ ተነቅሎ ነበር። ባለቤቲቱ እናት ልጃቸው ስትዳር ዛጎሉን ነቅለው በእርስዋ ጪጮ ላይ እንደ ሰፉት ነገሩን። እኛ ግን «የተበላሸ» ብለን ጽፈንበት ነበር።

ከአባሎቻችን አንዱ ክርክር አነሣ። «ይህ ሁሉ የተራ ሰው ነገር ስለ ሆነ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ የንግሥታት ልብስ ግን ታሪኩ የታወቀ ነው» አለ። ስለዚህ የንግሥታቱንም ፈለግነው።

በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ዘመን የተሠራ ትልቅ የሐር መጋረጃ አለ። ሐሩ ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ሥራው የአገራችን ነው። በመጋረጃው ላይ ንጉሥና ንግሥት ከአጃቢዎቻቸው ጋር ይታያሉ። ሊቃውንት እነዚህን አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ብለው ይገምታሉ። በዚያው ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው ይባላል፤ በእንግሊዞች መዝገብ ጥሩነሽ ተብለው ተጽፈዋል። ሁለቱም ዕቃዎች የተወሰዱት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በተዘረፈች ጊዜ ነው። እቴጌይቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወሰዱ በአንድ ወር ውስጥ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በትግራይም በጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። ከሦስቱ ቤተ ሰብ አንድ ስፍራ የተቀበሩ ሁለት ሰዎች የሉም። ቀሚሱ ግን ሳይበሰብስ እስከ ዛሬ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. መቅደላ የተዘረፈችበት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ታይቷል። ንግሥቲቱ ያን ቀሚስ ለብሳ ምን እንዳሰበች የጻፈ የለም። ቀሚሱን የጠለፈውም ሰው ስም ከቀሚሱ ጋር አልተጻፈም። እንግዲህ ወንድማችን ክርክሩን አነሣ እንጂ አላሸነፈም፤ ንግሥትም ብትሆን በጨርቁ ብቻ ነው የምትገኘው።

ጦርነት በመጣ ጊዜ የሴቶች መርፌ ሌላ ሥራ ያዘ። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በአዲስ አበባ ሲቋቋም በሥራው ፊት የተሰለፉት ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 15 ዓመት ነው፤ ከእኛ የሚበልጡ አልነበሩም። ከእንግሊዙ ሚኒስትር ባለቤት ከሌዲ ባርተን ጋር ሆነው ሴቶችን ሰብስበው ለወታደሩ ልብስ፣ ለቁስለኛው ፋሻ፣ ከመርዝ ጋዝ ለመከላከልም ጭምብል ያሰፉ ነበር። ጣልያን ያፈሰሰው የሰናፍጭ ጋዝ ግን ቆዳንም የሚያቃጥል ስለ ነበረ ጭምብል ብቻውን አይበቃም ነበር። የሰፉት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደ ተሰማቸው ማሰብ ይከብዳል። በወረራው ዘመንም የውስጥ አርበኞች የሆኑ ሴቶች ልብስ፣ መድኃኒትና ጥይት በምስጢር እያወጡ ለአርበኞች ይልኩ ነበር። ከእነዚህ ስመ ጥር የሆኑት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በኢጣልያ አገር በአዚናራ ደሴት ታስረው ከተመለሱ በኋላ፣ ከእኛ ሩቅ ባልሆነችው በአዲስ ዓለም የነበረው የጠላት ምሽግ እንዲመታ አድርገዋል።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የነርስነት ትምህርት ተምረው ከድል በኋላ ተመለሱ። ጄኔራል ዐቢይ አበበን አግብተው ወደ ነቀምት ሄዱ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው በዚያው ሞቱ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በጉደር በኩል ነውና ይህን ስናነብ ወደ መስኮቱ ዘወር ብለን መንገዱን አየነው። ለሌላው ቁስል ፋሻ ያሰፉ ነርስ ራሳቸው በእርግዝና ጠንቅ መሞታቸው ከልባችን አልወጣም።

አሁን ወደ ጥልፍ እንምጣ። ጥለትና ጥልፍ አንድ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ጥለት ሸማኔው በሽመናው ጊዜ የሚያስገባው ባለ ቀለም ዳርቻ ነው፤ ጥልፍ ግን ያለቀው ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ ይልቁንም ከድል በኋላ፣ በየአውራጃው በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች ከንባብና ከሒሳብ ጋር ባልትናና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። ይህ ትምህርት ሴቲቱን ወደ ማድቤት ለመመለስ ነው የሚሉ አሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የአዲስ ዓለሟ ተወላጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የዚያው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ኖረው በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

ወደ ጠረጴዛችን ከመጡት ውስጥ ሁለት ጥልፎች ብዙ አቈዩን። አንደኛው ጥንድ የትራስ ልብስ ነው። በሁለቱም ላይ ፊት ለፊት የተያዩ ወፎች ተጠልፈው ከበታቻቸው «ደህና እደር»፣ «ደህና እደሪ» ተብሎ ተጽፏል። «ደህና እደሪ» የሚለው በመታጠብ ብዛት ሳስቶ ወፎቹ ቀለማቸውን ለቀዋል። «ደህና እደር» የሚለው ግን ዛሬ ከሣጥን የወጣ ይመስላል። ሁለተኛው በኋላ ተተክቶ የተሠራ ነው ብለን ተከራከርን። ባለቤቲቱን ስንጠይቅ ሁለቱንም በአንድ ወር እንደ ጠለፉአቸው ነገሩን፤ ባላቸው በ1970 ዓ.ም. ወደ ኦጋዴን ዘምተው አልተመለሱም። ከዚህ በላይ አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ነጭ አቡጀዲ ነው። በላዩ ላይ ፊደል በቀይ ክር ከ«ሀ» ጀምሮ ረድፉን ጠብቆ ተጠልፏል፤ የትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መልመጃ ነበር። «ለ» ተፈጽሟል፤ «ሐ» ተፈጽሟል። በአራተኛው ረድፍ «መ ሙ ሚ» ካለ በኋላ ያበቃል። ከ«ሚ» ቀጥሎ መርፌው ተሰክቶ ስለ ኖረ ዝገቱ ጨርቁን አበላሽቶታል። የጠለፉት እናት ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበሩ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ወደ አባታቸው ቤት መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት 15 ዓመት ለጋብቻ ይበቃል ይል ነበርና፣ እርሳቸውም 15 ሞልቷቸው ስለ ነበር ሕግ አልተጣሰም። ለሴትም 18 ዓመት እንዲሆን የተደረገው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በክፍላችን ያሉ እኅቶቻችን ይህን ጨርቅ ተራ በተራ ይዘው አይተውታል። አንዲቱ ረድፉን እንጨርሰው ብላ ቀይ ክር ይዛ መጣች። ብዙ ተከራከርንበት፤ በመጨረሻም እንዳለ ይቈይ ተባለ። ውሳኔው ትክክል ይመስለናል፤ ሐሳቧም ግን ደስ ብሎናል።

ስለ ፋብሪካው በአጭሩ እናልፋለን። በ1931 ዓ.ም. ጣልያኖች በድሬዳዋ፣ በ1953 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ክርና ጨርቅ በየገበያው ካዳረሱ ወዲህ እንዝርት ከብዙ ቤት ወጥቷል። ዛሬ ሸማኔው አብዛኛውን ክር ከሱቅ ይገዛል። የቀሚሱንም ጥልፍ ብዙ ጊዜ በመኪና የሚጠልፉት ወንዶች ናቸው፤ የጥለት መልክ የታተመበት የውጭ አገር ጨርቅም መጥቶባቸዋል። እንዝርት ይመለስ አንልም፤ ሁለት ክረምት በኩራዝ መፍተልን የምንመኝላት እናት የለችንም። እኛ ያሳሰበን የፈተሉት እናቶች እያረጁ መሄዳቸውና ካርዱን የምንጽፈው እኛ መሆናችን ነው።

በዋዜማው ሌሊት ካርዶቹን ሁሉ ቀደን እንደገና ጻፍናቸው። በየቤቱ የሞባይል ስልክ ደወልን፤ ስልክ ወደሌለበትም ሁለት ሁለት ሆነን ሄድን። ስለ ጪጮው «የተበላሸ» ያልነውን ሰርዘን «ዛጎሉ ለልጅ የተሰጠ» አልን። ጠዋት የጋቢው ባለቤት እናት ሲመጡ አዲሱን ካርድ አነበብንላቸው፤ ጥጡን የፈለቀቁት፣ ያባዘቱትና የፈተሉት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ቀጥሎም ሸማኔውን፣ ቀጥሎም የለበሱትን ባላቸውን።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፦ «መፍተል ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ስሟን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የቀረ የለም። እርሷንም ጨምሩልኝ» አሉ።

በካርዱ ላይ ቦታ ስላልተረፈ ከግርጌው ሌላ ወረቀት ቀጠልንበት።